ምቱን የያዘው ማን ነው?

አገር ለአገር እየዞሩ ኮንሰርት ከሚያቀርቡ ቡድኖች አንዳንዶቹ የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር ሲደርሱ ባህላዊ ተጫዋቾችን ስቱዲዮ አስገብተው አንድ ዘፈን ይቀዳሉ። «የጋራ ሥራ» ይባላል፤ ይጨበጨብለታል። እኔ ግን ከእነዚህ ቅጂዎች ብዙዎቹ የጋራ አይደሉም ባይ ነኝ።

ሞንጎሊያውያን «ኡርቲን ዱ» የሚሉትን ረጅም ዜማ እንውሰድ። ዘፋኟ አንዷን ድምፅ በረጅም ትንፋሽ እየሳበች፣ እያርገበገበች፣ ከወፍራም ወደ ቀጭን እያወጣች ትሄዳለች። ጥቂት ቃላት ደቂቃዎች ይፈጃሉ። ቋሚ ምት የለውም፤ ጊዜውን የምትወስነው በትንፋሿ ነው። ሞሪን ኹር የሚባለው፣ አናቱ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት ባለሁለት ክር መሣሪያ ከኋላዋ ይከተላታል። ክሩም ደጋኑም፣ እንደ ማሲንቋችን፣ የፈረስ ጭራ ነው። ይህችን ሴት ጆሮዋ ላይ የምት መቁጠሪያ ገጥመው «በዚህ ላይ ዝፈኝ» ሲሏት ዜማው የሚቆምበትን መሠረት ይነጥቋታል። ትንፋሿ ገና ሳያልቅ ከበሮው ይዘጋባታል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ የሚያወጣበት፣ ኾሚ የተባለው አዘፋፈንም ዕጣው ያው ነው፤ ጊታሩ እስኪገባ ድረስ መክፈቻ ያደርጉታል፣ ከዚያ ይረሱታል።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። የጥንት ዜማ ደራሲው አይታወቅም በሚል ያቀናበረው እንግዳ ቅንብሩን በስሙ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ተጫዋቿ የቀኗን አበል ተቀብላ ከሄደች ዘፈኑ ከዚያ በኋላ የሚያስገኘው ላይደርሳት ይችላል። ዩኔስኮ ረጅሙን ዜማ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የሞንጎሊያን ኾሚ እ.ኤ.አ. በ2010 በቅርስነት መዝግቧል። መዝገቡ ክብር ነው፤ የሮያሊቲ ድርሻ ግን አያስከፍልም።

ሞንጎሊያ ሙዚቃዋን ቆልፋ ታስቀምጥ ማለቴ አይደለም። ለውጥ ለሙዚቃው እንግዳ አይደለም፤ ቀድሞ በቆዳ ይለበጥ የነበረው የሞሪን ኹር ፊት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመሠረተው «ዘ ሁ» የተባለው ቡድን ሞሪን ኹርንና ኾሚን ከሮክ ጋር አዋህዶ ዓለምን ዞሯል። ይህን የወሰኑት ግን ራሳቸው የቡድኑ ሞንጎሊያውያን ነበሩ፤ የሚዘፍኑትም በቋንቋቸው ነው።

ከውጭ ሰው ጋርም ይቻላል። ቼሎ ተጫዋቹ ዮ-ዮ ማ የመሠረተው የሐር መንገድ የሙዚቃ ቡድን የተጫወተውን «የኸርለን አፈ ታሪክ» የደረሰው ሞንጎሊያዊው ቢያምባሱረን ሻራቭ ነው። በዚህ ሥራ ዘፋኟ ሆንጎርዙል ጋንባታር ረጅሙን ዜማ ስታወጣ ትሮምቦኑና ፒያኖው ከእሷ ጋር ይሄዳሉ እንጂ እሷን አይጎትቷትም። የጋራ ሥራ የምለው ይህንን ነው።

እንግዳው ሙዚቀኛ የምት መቁጠሪያውን ያጥፋና መጀመሪያ ያዳምጥ። የባህላዊ ተጫዋቾቹ ድርሻ ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ ይስፈር፤ ስማቸውም ከእሱ ስም ጎን በእኩል ፊደል ይጻፍ። እርስዎም አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ቅጂ ሲገጥምዎ ከማድነቅዎ በፊት የዘፋኟ ስም የት እንደተጻፈ ይፈልጉ፤ ካጡት አዘጋጆቹን ይጠይቁ።