የዱቤ ደብተር ያለው ሰው መዝገብ አይችልም አይባልም

እንደሚታወቀው የአካውንቲንግ ተማሪ ዲፓርትመንት ከገባበት ቀን ጀምሮ የአክሲዮን ማኅበር ሂሳብ ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ የዕርጅና ተቀናሽ ሲያሰላ ይውላል። ዴቢትና ክሬዲት በህልሙም ሳይመጣበት አይቀርም። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ሳሙናና ዳቦ የሚገዛበትን ባለሱቅ «ባለፈው ዓመት ስንት አተረፉ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ባለሱቁም አያውቀውም፣ ተማሪውም እንዴት እንደሚያወጣው ግራ ይገባዋል። እኔ በበኩሌ ይህንን ትልቅ ጉድለት ነው እላለሁ፤ የባለሱቁ ብቻ ሳይሆን የእኛም።

«ነጋዴው መጻፍ አይወድም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኔ አልቀበለውም። የሰፈር ሱቅ ባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አይጠፋም፤ የዱቤ ደብተር ይባላል። የእገሌ እናት 2 ኪሎ ስኳር፣ ዘበኛው አንድ ሳሙና፣ የላይኛው ግቢ 1 ሊትር ዘይት፣ ከነቀኑ ከነዋጋው ተጽፎ ይገኛል፤ ሲከፈልም ይሰረዛል። ይህ እኮ እኛ ክፍል ውስጥ ተሰብሳቢ ሂሳብ ብለን የምንማረው ነው። እቁቡም እንደዚሁ ነው። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ማን ጣለ ማን ቀረ በስም ይያዛል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። እንግዲህ ባለሱቁ ሰው ያለበትን ዕዳም፣ ለእቁቡ የጣለውንም ይጽፋል ማለት ነው። የማይጽፈው ሁለት ነገር ነው፤ ዛሬ በጠቅላላ ስንት እንደሸጠና ከመሳቢያው ስንት ለቤቱ እንዳወጣ። ጣጣ የሚመጣው ደግሞ ካልተጻፈው ነው።

በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ግብሩ በቁርጥ ይተመንለት ነበር። ሲሰሙት እፎይታ ይመስላል። ሆኖም መዝገብ ከሌለ የሚቀረው ግምት ነው። በ2009 ዓ.ም. ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የቀን ሽያጭ ገመቱ። ሐምሌ ላይ ውጤቱ ሲነገር ቅሬታው በረታ፤ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት ደረሱ።

እስቲ በቁጥር እንየው። ዓመቱን 300 የሥራ ቀን ብንለው፣ በቀን 1,500 ብር ይሸጣል የተባለ ሰው ዓመታዊ ሽያጩ 450,000 ብር ነው፤ በዚያ አዋጅ ደረጃ «ሐ» ላይ ይቆያል። 2,000 ብር ይሸጣል ከተባለ ግን 600,000 ብር ይሆንና ደረጃ «ለ» ይገባል፤ መዝገብ ይዞ የማያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ መዝገብ ያዝ ይባላል። በመካከሉ ያለው የ500 ብር ልዩነት ነው። ገማቹ የመጣው በበዓል ዋዜማ ከሆነ ወይም በጾም መሐል ከሆነ፣ 500 ብር ከዚያ ብቻ ሊመጣ ይችላል። የዕለት ሽያጩን የጻፈ ሰው «የለም፣ ይኸው እዩት» ብሎ የሚያሳየው ነገር አለው። ያልጻፈው ከመማል ሌላ ምን ያደርጋል?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ሦስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት አውርዶ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር አድርጎታል። «ሐ» የሚለው ስም ቢቀርም ጥያቄው ያው የሽያጭ ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስል «መዝገብ መያዝ ራስን ማጋለጥ ነው» ይሉኛል። ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፤ እረዳዋለሁ። ነገር ግን ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ሲከፍል ነጋዴው ጻፈም አልጻፈም ሽያጩ ሌላ ቦታ ይጻፋል። ማንም የማይጽፍለት ወጪውን ነው። 2,000 ብር የሸጠ ሰው ዕቃውን በ1,800 ብር ገዝቶት ይሆናል፤ የተረፈችው 200 ብር ናት፤ ከእሷም ኪራይና መብራት ይወጣል። በትርፉ ለሚገብር ነጋዴ 1,800ውን የሚመሰክርለት የግዢ ደረሰኝ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በትንሹ ነጋዴ ላይ መጫን ደስ አይለኝም። አከፋፋዩን ደረሰኝ ቢጠይቅ «ሌላ ቦታ ግዛ» ሊባል ይችላል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ መርካቶ ውስጥ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል፤ ችግሩ ከላይም ያለ ነው።

መሳቢያው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የለቅሶ፣ የዕቃ መግዣ፣ ሁሉም ከእሱ ይወጣል። ዘይቱም ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ጓዳ ይገባል። ቤተሰብ ከሱቁ መብላቱ ነውር የለውም፣ ለዚያ አይደል የሚሠራው፤ ይጻፍ ነው የምለው። ባለሱቁ ለራሱ ደመወዝ ይቁረጥ፣ ከዚያ በላይ የወሰደውን በዱቤ ደብተሩ ላይ እንደማንኛውም ደንበኛ በስሙ ይመዝግብ። ለግብርም እንዲሁ። 12,000 ብር የሚገብር ሰው በ300 ቀን ቢያካፍለው በቀን 40 ብር ነው። 40 ብር መጣል የለመደ እጅ ነው፤ 12,000 ብር በአንድ ጊዜ አውጣ ሲባል ግን ይበደራል ወይም ዕቃ በርካሽ ይሸጣል። የሰፈር ነጋዴዎች ዕጣ የሌለው፣ ግብር መክፈያው ሲደርስ ሁሉም የየራሱን የሚያነሳበት የግብር እቁብ ለምን አይገቡም? (ዕጣ ካለውማ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ፍሪጅ ይገዛበታል።)

ለዲፓርትመንታችን መምህራን የማቀርበው ሃሳብ ቀላል ነው። ከሚሰጡን የቡድን ሥራዎች አንዱ በመጽሐፍ ላይ ያለ ድርጅት መሆኑ ቀርቶ አንድ እውነተኛ ሱቅ ይሁን። ሦስት ሦስት ሆነን አንድ ሴሚስተር በየሳምንቱ እየሄድን የዕለት ሽያጭ፣ ግዢና የቤት ወጪ የሚለዩ ሦስት ዓምዶችን ከባለቤቱ ጋር እንሙላ፤ ማርክም በዚያ ይያዝልን። አሠራሩ ባለሱቁ በሚያውቀው ደብተር ላይ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ይሁን። የቁጥሩ ምሥጢርነት እንዲጠበቅ ስምምነት ይፈረም፤ ያለዚያ ማንም በሩን አይከፍትልንም። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያሉትን ባለሱቅ አነጋግሬያቸው እሺ ብለዋል፤ ደብተሩን ግን እናንተ ግዙ ብለውናል።