ሁለት መቶ ፈረስ ያለው ጋሪ

በሶማሊኛ መኪና «ጋሪ» ይባላል። ሐርጌሳ የገባን ሰሞን ይህ ቃል ያስቀን ነበር። ጎረቤታችን አዲሱን ላንድክሩዘሩን እያሳየ «ጋሪ» ባለን ቁጥር በዓይናችን ላይ የሚመጣው ደብረ ዘይት ላይ ፈረስ የሚጎትተው ነበር። አሁን እኛም ጋሪ ቀይረናል። ስድስት ዓመት ያገለገለችንን ቶዮታ ቪትዝ ሸጠን ማርክ ኤክስ ከገዛን ሦስተኛ ወራችን ነው።

«እንዴት ነው? ቆንጆ ነው? ብንቀይር ይሻለናል?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከመመለስ እዚህ ላይ ሐሳባችንን ብንጽፍ ይሻላል ብለናል። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ መኪናው ግሩም ነው። ግን በዚህ አገር መንገድ ላይ ለብቻ የሚነዳ መኪና አይደለም፣ በዕቃ መግዣ ገንዘብም የሚገዛ መኪና አይደለም።

እርግጥ ማርክ ኤክስ የስፖርት መኪና ተብሎ አልተሠራም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ሲሠራው የኖረውን ማርክ ቱ ተክቶ በ2004 የወጣ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ምርቱም በ2019 ቆሟል። ነገር ግን ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው፣ ትንሹ የሚባለው የእኛ ባለ 2.5 ሊትሩ እንኳ ከ200 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዛችን 70 ገደማ ነበራት። በርበራ ወደብ ከሚራገፉት ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ውስጥ እንደኛ ያለ ነጋዴ አቅሙ የሚደርስበት ፈጣን መኪና ቢባል ይኸው ነው።

መጀመሪያ የገረመን ፍጥነቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ቪትዟ በገቢሌ መንገድ 100 ስትደርስ እንደ ወፍጮ ቤት ትጮህ ነበር፤ ለመነጋገር እኛም እንጮሃለን። ማርክ ኤክስ ውስጥ ግን በሹክሹክታ መነጋገር ይቻላል። 70 ላይ ያለን መስሎን ሰዓቱን ስናይ 120 ደርሰናል። ልጆቻችን የወደዱት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መኪናው በተነሳ ቁጥር አንዲት ሴት በጃፓንኛ ትናገራለች። «ካርድ አልገባም» ማለቷ ነው፤ ጃፓን ውስጥ የፈጣን መንገድ ክፍያ የሚቆረጠው በዚያ ካርድ ነው። ልጆቹ ግን «እንደምን አደራችሁ» የምትል መስሏቸው ሁሌ ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏታል። ሬዲዮኑም የጃፓን ስለሆነ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጣቢያ ሁሉ በስልክ ነው የምንሰማው።

የጎደለውንም እንናገር። የቪትዟ የኋላ በር ወደ ላይ ተከፍቶ መቀመጫዋ ሲታጠፍ አራት ጆንያ ትውጥ ነበር። ማርክ ኤክስ ሽቶ እንደተቀባ ሰው ነው፤ የበርበሬ ጆንያ ልናስገባበት እጃችን አልታዘዘልንም። ከመሬት ያለው ከፍታ ከቪትዟ ብዙም አይለይም፤ ርዝመቱ ግን በሜትር ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ አስፋልቱን ለቅቀን ወደ ሰፈራችን ኮረኮንች ስንገባ ወይ አፍንጫው ወይ ሆዱ መሬት ይነካል። ነዳጅ ደግሞ ቪትዟ በአንድ ሊትር 15 ኪሎ ሜትር ትሄድልን ነበር፤ ይሄኛው በእኛ አነዳድ 9 ከሄደልን ደስ ይለናል። ይህን ሁሉ ሳንገዛ በፊት እናውቅ ነበር፤ ያላወቅነው ቀጥሎ ያለውን ነው።

በሶማሌላንድ እንደ ኢትዮጵያ የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው። ጃፓን የሚነዳው በግራ ስለሆነ ወደዚህ የሚመጣው አብዛኛው መኪና ቀኝ መሪ ነው። አገራችን በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ አባቶቻችን የመዞሩን ጣጣ አንድ ጊዜ አይተው ጨርሰውታል። እዚህ ግን በየቀኑ አለ። ቀኝ መሪ የያዘ ሾፌር የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው። ፍየሉን፣ እግረኛውንና ቦዩን በደንብ ያያል። ከፊቱ የጭነት መኪና ካለ ግን ከዚያ ማዶ የሚመጣውን አያይም። ለማየት ከፈለገ መኪናውን በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት አለበት።

በቪትዟ ጊዜ ይህ ብዙ አላስጨነቀንም፤ የተጫነ አይሱዙን ዳገት ላይ ደርባ ለማለፍ አቅሙ አልነበራትምና። ከሐርጌሳ ውጫሌ ድረስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንድ ቀን ግማሹን መንገድ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ አቧራ እየጠጣን እንሄድ ነበር። እንማረር ነበር። ለካ አቅም ማጣቷ ጠባቂያችን ኖሯል።

ማርክ ኤክስ አቅም አያንሰውም። እግር ነካ ሲያደርገው ይወነጨፋል። በሁለተኛው ሳምንት ገቢሌን አልፈን ወደ ካላባይድ ስንሄድ ከፊታችን አንድ የተጫነ መኪና ነበር። ከሁለታችን መሪ የያዘው «ነጻ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋቢና የተቀመጠው በዛድ የገባ ገንዘብ እየቆጠረ ነበር፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ በልማድ «አዎ» አለ። ወጣን። ከፊት ሚኒባስ ይመጣ ነበር። ፍሬን ይዘን ወደ ኋላ ተመለስን፤ የሚኒባሱ ክላክስ በጆሯችን አጠገብ አለፈ። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ። ካላባይድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አቁመን ሻይ አዘዝን፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንዳችንም አልተናገርንም። ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም። ጠያቂው ሳያይ ወጣ፣ ተጠያቂው ሳያይ መለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሕግ ወጣ። ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ተሳፋሪ አይደለም፣ ዓይን ነው። «አዎ» የሚባል መልስ ቀርቷል፤ የሚባለው የታየው ነገር ነው፦ «ነጭ መኪና ይመጣል፣ ሩቅ ነው» ወይም «ከርቭ ነው፣ አይታየኝም»። ያላየ «አላየሁም» ይላል፤ ማፈር የለም። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከሁለታችን አንዱ ብቻውን ሲሄድ ደግሞ ከጭነት መኪናው ኋላ ራቅ ብሎ ይከተላል እንጂ ደርቦ አያልፍም፤ ሩቅ ሆነው ሲከተሉ መንገዱም ይበልጥ ይታያል። ማታ ግመል መንገድ ላይ በሚተኛበት አገር ስለ ፍጥነት ማውራትም አያስፈልግም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ 200 ፈረስም ቢሆን ያው ነው። ያደርሳል፤ የማየቱ ሥራ የእኛ ነው።

ልትገዙ ላሰባችሁ አንድ ነገር እንጨምር፤ ጎማውን እዩ። ከጃፓን በረዶ ካለበት አካባቢ የመጣ መኪና አንዳንዴ ከነበረዶ ጎማው ይመጣል። ጎማው አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱም ጥልቅ ነው፤ ጎኑ ላይ የበረዶ ቅርጽ ምልክት ሊኖረው ይችላል። ላስቲኩ ለብርድ የተሠራ ለስላሳ ስለሆነ ለበርበራ ሙቀትና ለፍጥነት አይሆንም። ሁለተኛ፣ በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት አኃዞች አንብቡ። 2318 ቢል በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የጃፓኑን የጨረታ ወረቀት ጠይቁ፤ ደረጃው ላይ «አር» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። ቀስ ብላ ለምትሄድ ቪትዝ ይህን ሁሉ ባትጠይቁ ምናልባት ታልፉት ይሆናል። በፈጣን መኪና ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብቻ አይደለም፤ የሚለቅምም ላይገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ውጫሌ ላይ በርበሬና ሽሮ የምንገዛቸው እናት ለዓመታት ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን ዕቃው ሲሸጥ እየተቀበሉ ኖረዋል። መኪናው ድንበሩን ባይሻገርም ወሬው ተሻግሯል። ባለፈው ስንሄድ «እናንተ ልጆች፣ ሞቅ ብሏችኋል አሉ!» ብለው ተቀበሉን። ሒሳብ ላይ ስንደርስ ግን ሳቃቸውን ሳያቋርጡ «ማርክ የሚነዳ ሰው ዱቤ ይጠይቃል እንዴ?» አሉ። ሙሉውን ከፈልን። አልፈረድንባቸውም፤ ከውጭ ሲታይ ትክክል ናቸው። እሳቸው ያላወቁት ለመኪናው ልዩነት የጨመርነው ገንዘብ ከሁለት ዙር ዕቃ መግዣ ላይ የተነሳ መሆኑን ነው። ከእሳቸው ዱቤ ባገኘን ይበቃናል ብለን ነበር ያነሳነው። መኪናው ዱቤውን አሳጣን፣ ዱቤው ሲቀር ጭነቱ አነሰ፣ ጭነቱ ሲያንስ ትርፉ አነሰ። ሦስት ወር ሙሉ የምንሠራው ይህን ጉድጓድ ለመድፈን ነው።

«መኪናም እኮ ንብረት ነው፣ ሲቸግር ይሸጣል» የምትሉን አላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ቪትዟ በወጣች በማግሥቱ ነው የተሸጠችው። ምክንያቱም ሐርጌሳ ውስጥ ቪትዝ የማይፈልግ የለም። ነዳጅ የሚበላ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ግን የሚፈልገውን ሰው መጠበቅ አለበት፤ ችግር ደግሞ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ሌሊት የዋሄን ገበያ ሲቃጠል ያየን ሰዎች ነን። የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ሆኖ አድሯል። በማግሥቱ እኛ የምናውቃቸው ሰዎች ውስጥ ቶሎ እንደገና ጠረጴዛ የዘረጉት በእጃቸው ትንሽ ተንቀሳቃሽ ገንዘብ ወይም የሚያምናቸው ዕቃ ሰጪ የነበራቸው ናቸው። እኛ በማርክ ኤክስ ሁለቱንም ነው የነካነው።

ከአገር ቤት በኩልም አንድ ነገር አለ። ድሬዳዋ ያሉት እናታችን ፎቶውን አይተው እልልታቸውን በስልክ አሰሙን። «ለገና ይዛችሁት ኑ፣ ሰፈሩ ይይላችሁ» አሉ። አይሆንም አልናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀኝ መሪ መኪና ሰሌዳ አያገኝም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባትም ተከልክሏል። «ታዲያ በምን ትመጣላችሁ?» አሉ። «እንደ ድሮው፣ እስከ ድንበር በመኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ።» ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ለእኔ ምንም አልተቀየረም» አሉ። በክፋት አይደለም የተናገሩት፤ ግን እስካሁን በጆሯችን አለ። የሚያምረው መኪናችን የሚወዱን ሰዎች ደጅ የማይደርስ መኪና ነው።

ታዲያ ተጸጸታችሁ ወይ ብትሉን፣ አልተጸጸትንም። ሰው በሰው አገር ለፍቶ አንድ ቀን ለስላሳ መቀመጫ ላይ ቢቀመጥ ኃጢአት አይደለም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዘን ወደ በርበራ ባሕር ስንወርድ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቤቱ ቀዝቅዞ፣ ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ «ይህንስ ማን ይጠላል?» እንባባላለን። የምንለው መኪናውን አትግዙ አይደለም። ከትርፍ ግዙት፣ ከጭነት ገንዘብ አታንሱ። የምትሠራዋን መኪና ሳትሸጡ ግዙ፤ እኛ አሁን ጆንያ ለማስጫን ለሰው ፒክአፕ እንከፍላለን። ዕቃ ሰጪያችሁ ወሬውን ከገበያ ከምትሰማ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሯት። ከሁሉ በፊት ደግሞ አብሯችሁ ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አስቡ። የእኛ ትልቁ ስሕተት መግዛቱ ላይም ያው ነበር፤ አንዳችን «እንግዛ?» አለ፣ ሌላችን ሒሳቡን ሳያይ «አዎ» አለ።

ቅዳሜ ውጫሌ እንወርዳለን። የበርበሬውን ገንዘብ በሙሉ ይዘናል። አንዳችን መሪ ይይዛል፣ አንዳችን ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ይከታል።