በዕጣ አታመካኙ

ከግጥሙና ከአጭር ልቦለዱ መካከል ስለ በረዶ ሆኪ የሚያወራ ጽሑፍ ምን ሊሠራ መጣ የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ ጓደኞቻችን በምግብ አዳራሹም፣ በመኝታ ክፍሉም፣ በአውቶቡሱም ውስጥ ሌት ተቀን ሲከራከሩበት እየሰማን ዝም ብለን ማለፍ አቃተን። የክርክሩ ርእስ ካልጋሪ ፍሌምስ ነው። ቡድኑ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 2025 ድረስ የስታንሌይን ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1989 ነው። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ማነው ሲባል አብዛኛው ሰው ጣቱን ወደ አንድ ነገር ይቀስራል፤ ወደ ድራፍቱ!

ድራፍት ሲባል በብርጭቆ የሚቀዳው የመሰላችሁ ካላችሁ፣ እሱ ሌላ ነው። የሆኪው ድራፍት ምደባ ማለት ነው። በየዓመቱ ውድድሩ ካበቃ በኋላ የሊጉ ቡድኖች 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች በተራ ይጠራሉ። ቡድኑ ልጁን ይመርጣል እንጂ ልጁ ቡድኑን አይመርጥም። ከተጠራ በኋላም መብቱ ለዓመታት በዚያ ቡድን እጅ ይቆያል። ሥርዐቱ የተጀመረው በ1963 ሲሆን፣ ደካማው ቡድን ቀድሞ እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ሐሳቡ የወደቀው እንዲነሣ ነው። ሆን ብሎ የሚወድቅ እንዳይበዛ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ ፊተኛው ተራ በዕጣ ይወሰናል።

በመካከላችን ያሉት ደጋፊዎች በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። አንደኛው ጎራ «መልማዮቻችን ዕውሮች ናቸው፤ እነ እገሌን ብንወስድ ኖሮ ዛሬ የት በደረስን!» ይላል። ሁለተኛው ጎራ «እንደ ጎረቤታችን እንደ ኤድመንተን እስከ ታች እንውረድ፤ እንሸነፍ፤ ከዚያ አንድ ታላቅ ልጅ ይደርሰናል» ይላል። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን። ሁለቱም ጥፋቱን ከባለቤቱ ላይ አንሥተው በዕጣ ላይ ይጭኑታልና።

የመጀመሪያውን ጎራ እንይ። እውነቱን ለመናገር የሚያቀርቡት ማስረጃ ባዶ አይደለም። በ1990 ካልጋሪ 20ኛ ተራውን ለኒው ጀርሲ ሰጥቶ ወደ 11ኛው ከፍ አለና ትሬቨር ኪድ የተባለ በረኛ መረጠ። ኒው ጀርሲ በተቀበለው 20ኛ ተራ ማርቲን ብሮዶርን ወሰደ። ብሮዶር 691 ጨዋታ ያሸነፈና ሦስት ጊዜ ዋንጫ ያነሣ በረኛ ሆነ። በ1998 ስድስተኛው ተራ ለሪኮ ፋታ ዋለ፤ ልጁ የተባለለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። በ2000 ዘጠነኛው ተራ ለበረኛው ለብሬንት ክራን ዋለ፤ ክራን በሊጉ የተሰለፈው ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ያውም ለዳላስ። ከ1997 እስከ 2003 ሰባት ዓመት ሙሉ ካልጋሪ ጥሎ ማለፍ የሚባል ነገር አላየም።

ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ብሮዶር እስኪጠራ ድረስ እኮ 19 ልጆች ተጠርተዋል! ኤድመንተንም በ17ኛው ተራ ስኮት አሊሰንን መርጦ ብሮዶርን አልፎታል። በዚያ ዓመት ኤድመንተን ከመረጣቸው 11 ልጆች ውስጥ አንድ እንኳ በሊጉ አንዲት ጨዋታ አልተሰለፈም። በ1995 ደግሞ ድራፍቱ በዚያው በኤድመንተን ከተማ ሲካሄድ ሕዝቡ «ዶን! ዶን!» እያለ ጮኸ፤ ቡድኑ ግን በስድስተኛው ተራ ስቲቭ ኬሊን ጠራ። ሼን ዶን በሰባተኛው ተራ ለዊኒፔግ ደረሰና 1540 ጨዋታ ተጫወተ፤ ኬሊ 149። በዚያው ዕለት በ11ኛ ተራ በዳላስ የተጠራው ጃሮም ኢግንላ፣ የናይጄሪያዊ አባት ልጅ፣ ተወልዶ ያደገው በኤድመንተን አካባቢ ነው። የገዛ ከተማው ቡድን አለፈው። ዓመቱ ሳያልቅ ካልጋሪ በልውውጥ ወሰደው፤ ኢግንላም ለካልጋሪ 525 ጎል አግብቶ የቡድኑ የምን ጊዜም ቀዳሚ አግቢ ሆነ። እንግዲህ «የእነሱ መልማይ ያያል፣ የእኛ አያይም» የሚለው ነገር የት ላይ ቆመ? የ18 ዓመት ልጅ በ25 ዓመቱ ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ማንም የለም።

አሁን ደግሞ ጓደኞቻችን የማያነቡትን ገጽ እናንብብላቸው። በ2011 ካልጋሪ በ104ኛ ተራ ጆኒ ጎድሮን መረጠ። በ2014 በአራተኛ ተራ ሳም ቤኔትን መረጠ። በ2016 በስድስተኛ ተራ ማቲው ትካቹክን፣ በዚያው ዓመት በ66ኛ ተራ አዳም ፎክስን መረጠ። ዕውር መልማይ ነው እነዚህን የሚመርጥ? ታዲያ የት ደረሱ? ፎክስ ከካልጋሪ ጋር ሳይፈርም በ2018 ለካሮላይና ተላለፈ፤ ከዚያም በኒው ዮርክ ሬንጀርስ ማሊያ በ2021 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ቤኔት በ2021 ለፍሎሪዳ ተሰጠ። በ2022 ሐምሌ ጎድሮ ውሉ አልቆ ወደ ኮለምበስ ሄደ፤ ካልጋሪ በምትኩ ምንም አላገኘም። (ጎድሮ በ2024 ከወንድሙ ጋር በብስክሌት ሲሄድ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ነፍሱን ይማር።) በዚያው ወር ትካቹክም ረጅም ውል አልፈርምም በማለቱ ለፍሎሪዳ ተለወጠ።

ማንም በግድ ይቆይ አንልም። ሰው ዕቃ አይደለም፤ ውሉን ጨርሶ ወደፈለገበት መሄድ መብቱ ነው። ፎክስንም ቢሆን ምን ቢያባብሉት ይቆይ ነበር ብለን አንምልም። ግን አንድ ሲሄድ የልጁ ጠባይ ነው ይባል፤ ሁለት ሲሄድ ዕድል ነው ይባል፤ ሦስትና አራት ሲሆንሳ? ያኔ ቤቱን የሚያስተዳድረውን መጠየቅ ነው እንጂ ልጆቹን የመረጠውን መልማይ መስደብ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ደግሞስ ካልጋሪን ያኮሩት ሁሉ በላይኛው ተራ የመጡ ናቸው እንዴ? በ2004 ቡድኑ እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ሲደርስ በሩን የጠበቀው ሚካ ኪፕሩሶፍ በልውውጥ ከሳን ሆዜ የመጣ ነበር። ከ2013 እስከ 2021 አምበል የነበረው፣ በ2019 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የተባለው ማርክ ጆርዳኖ ከነጭራሹ በድራፍት ያልተጠራ ሰው ነው። ደስቲን ዎልፍ በ2019 ከተጠሩት 217 ልጆች 214ኛው ነበር፤ በ2025 ከዓመቱ ሦስት ምርጥ አዲስ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ታጨ። በዚያ ዓመት ካልጋሪ 96 ነጥብ ሰብስቦ ከሴንት ሉዊስ እኩል ሆነና በመለያው ደንብ ብቻ ከጥሎ ማለፉ ቀረ። ይህን ጊዜ ምን ሰማን? «ምነው ከታች በሆንን፤ በከንቱ አሸነፍን!» የሚል ለቅሶ። አንድ በረኛ በየምሽቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ በሚወረወር ፓክ ፊት ቆሞ ያመጣው ነጥብ በደጋፊው ዘንድ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት!

ወደ ሁለተኛው ጎራ የመጣነውም በዚህ መንገድ ነው። እነዚህ «ኤድመንተንን እዩ» ይላሉ። እንያ! ኤድመንተን በ2006 ፍጻሜ ደርሶ ከተሸነፈ በኋላ አሥር የውድድር ዘመን ሙሉ ከጥሎ ማለፍ ውጭ ነበር። በ2010 ቴይለር ሆልን፣ በ2011 ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስን፣ በ2012 ናይል ያኩፖቭን አንደኛ አድርጎ መረጠ። ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ተራ! ምን አመጣ? ምንም። ሆል በስድስት ዓመት ውስጥ አሠልጣኝ ሲሾምና ሲሻር አየ፤ በ2016 ለኒው ጀርሲ ተለወጠና በ2018 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ያኩፖቭ በመጀመሪያው አጭር የውድድር ዘመን በ48 ጨዋታ 17 ጎል አግብቶ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አራት አሠልጣኝ ተፈራረቀበት፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ሲያፈርስ ልጁ መካከል ላይ ቀረ፤ በመጨረሻም በ2018 ወደ ሩሲያ ተመለሰ። ዛሬ ስሙ ሲነሣ «ኪሳራው» ይሉታል። ኪሳራ የተባለው ልጁ ነው እንጂ አራቱን አሠልጣኝ የቀጠረና ያባረረ አይደለም!

«ግን በ2015 ማክዴቪድ መጣ» ትሉናላችሁ። አዎን፣ መጣ። በዚያ ዓመት ግን ኤድመንተን የመጨረሻ አልነበረም፤ ከታች ሦስተኛ ሆኖ 11.5 በመቶ ዕድል ብቻ ይዞ ነበር። የመጨረሻ የነበረው ቡፋሎ ነው። ቡፋሎ እንደ እናንተ ስሌት ቢሆን ኖሮ ማክዴቪድን አግኝቶ ባረፈ፤ እሱ ግን ሁለተኛ ተራ ደረሰው፤ ከ2012 እስከ 2025 አሥራ አራት የውድድር ዘመን በተከታታይ ከጥሎ ማለፍ ውጭ ቀረ። ይኸው ነው ላም አለኝ በሰማይ ማለት። ሽንፈት ልማድ ሲሆን ዕጣ አይፈውሰውም።

ማክዴቪድስ ቢሆን? ኤድመንተንን በ2024 እና በ2025 ለፍጻሜ አድርሷል፤ በ2024 ቡድኑ ቢሸነፍም የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች እሱ ተባለ። ዋንጫውን ግን ሁለቱንም ጊዜ የወሰደው ፍሎሪዳ ነው። በፍሎሪዳ ማሊያ ማን ነበር? ትካቹክ! በ2016 ኤድመንተን በአራተኛ ተራ የሴ ፑልዩያርቪን መርጦ ያለፈው፣ ካልጋሪ መርጦ ያላቆየው ያው ትካቹክ። በ2025 የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች የተባለውስ? ሳም ቤኔት! የካልጋሪ ደጋፊ የጎረቤቱን ሽንፈት በቴሌቪዥን እያየ በጭብጨባ አደረ፤ ጎረቤቱን የቀጡለት ግን ከራሱ ቤት የወጡ ልጆች መሆናቸውን አላስተዋለም።

የፉክክሩን ነገር ያመጣነውም ለዚህ ነው። የአልበርታ ሁለቱ ከተሞች ፉክክር ዱሮ ቁም ነገር ነበረው። ከ1984 እስከ 1990 ካሉት ሰባት ዋንጫዎች ስድስቱን የወሰዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ኤድመንተን አምስት፣ ካልጋሪ አንድ። አንዱ አንዱን እየሞረደ ሁለቱም ተሳሉ። በ1986 በሰባተኛው ጨዋታ የኤድመንተኑ ወጣት ተከላካይ ስቲቭ ስሚዝ፣ ያውም በ23ኛ የልደት ቀኑ፣ ፓኩን ከራሱ በረኛ እግር ጋር አጋጭቶ በገዛ ጎሉ ውስጥ አገባው፤ ካልጋሪም አለፈ። የዛሬ ደጋፊ ቢሆን ማግስቱን «ይሸጥ! ይባረር!» ባለ ነበር። ኤድመንተን አልሸጠውም። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫው ሲነሣ አምበሉ ዌይን ግሬትስኪ ተቀብሎ መጀመሪያ የሰጠው ለስሚዝ ነው። ስሚዝ 111ኛ ተራ የመጣ ልጅ ነበር። ቡድን የሚሠራው እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ፉክክሩ «እኛ ብንወድቅም እነሱ ደግሞ እነ እገሌን አልፈዋል» ወደሚል መጽናኛ ወረደ። ሁለቱ ድሆች በአንዱ ጥብቆ ቀዳዳ ላይ ሲሣሣቁ ጥብቆውን የሸጠላቸው ነጋዴ በሰላም ይተኛል።

የሚጠቀመውስ ማነው? ባለሀብቱ ነው። ደጋፊው ስለ 1990 ሲከራከር ትናንት የተፈረመውን ውል አይመረምርም። በ2023 በካልጋሪ ለቡድኑ አዲስ አዳራሽና ለአካባቢው ግንባታ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር የበለጠ ስምምነት ተፈረመ፤ አብዛኛው ከከተማውና ከክፍለ ሀገሩ፣ ማለትም ከሕዝቡ ካዝና ነው። ግብር ከፋይ የቡድኑን ቤት የሚሠራ ከሆነ፣ ስለ ቡድኑ አስተዳደር የመጠየቅ መብቱም የዚያኑ ያህል ነው። «ተሸነፍን ግን የወደፊቱ ብሩህ ነው» እየተባለ ቲኬት ሲሸጥለት ዝም ማለት የለበትም።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንበል። እኛም በ18 ዓመታችን በአንድ ፈተና ተመዝነን፣ ተራ ወጥቶልን የተመደብን ልጆች ነን። ከመካከላችን የመጀመሪያውን ዓመት ሲንገዳገድ የነበረ ዛሬ ክፍሉን የሚመራ አለ፤ በታላቅ ጭብጨባ ገብቶ መካሪ አጥቶ የወጣም አለ። ይህን በዐይናችን እያየን፣ በሌላው የ18 ዓመት ልጅ ላይ «ኪሳራ» የሚል ማኅተም ስንመታ አፋችን እንዴት እሺ ይለናል? ተራ ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን እንጂ ሰውየውን አይናገርም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንለው ይህ ነው። ስለ ድራፍት ተከራከሩ፤ ክርክር አንከለክልም፤ እኛም እንወዳለን። ግን በተመረጠው ልጅ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ማን አሠለጠነው፣ ስንት ጊዜ አሠልጣኝ ተለወጠበት፣ የሄደው ለምን ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ሽንፈትን አትመኙ፤ የሚሸነፈው ወንበሩን ይዞ የሚቀመጠው ሰውዬ ሳይሆን በረዶው ላይ የሚደማው ልጅ ነው። በጎረቤት ውድቀት አትጽናኑ። እናም ከሁሉ በላይ፣ እጃችን የሠራውን በዕጣ አታመካኙ!