እንግዳ ደጋፊ ይምጣልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለፕሪምየር ሊግ ክለቦች የቦርድ ሰብሳቢዎች

ለተከበራችሁ የክለብ ቦርድ ሰብሳቢዎች፣

ይህን ደብዳቤ በቀጥታ ለእናንተ የጻፍኩት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ባለቤቶች እናንተ የምትመሯቸው ክለቦች ስለሆኑ ነው። ብዙዎቻችሁ ደግሞ ከክለቡ ወንበር ሌላ የከንቲባ፣ የቢሮ ኃላፊ ወይም የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ወንበር አላችሁ። ስለዚህ ስለ ኳስ የምላችሁ ስለ አስተዳደርም ይሆናል፤ ሁለቱም በእጃችሁ ናቸውና።

ከሁሉ በፊት የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሊጉን ወደየከተማው መልሱት። ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ ይጫወቱ። ደጋፊ ቡድኑን ተከትሎ ሰው አገር ይሂድ፤ የዚያ አገር ሰውም ይቀበለው።

በ2012 ኮሮና ውድድሩን ካቋረጠው በኋላ፣ ከ2013 ጀምሮ ክለቦች በሙሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት እየተጫወቱ ወደሚቀጥለው ከተማ የሚሄዱበት አሠራር መጣ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና አዳማ በየተራቸው አስተናገዱ። በ2013 ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ። ያኔ ውሳኔው ትክክል ነበር። ወረርሽኝ ነበር፣ ጦርነት ተነስቶ ነበር፤ የሊጋችንን ጨዋታም ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሩ ካሜራ አየን። የከፋኝ ነገር ለወረርሽኝ የተበጀው ዘዴ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም የሊጉ ወግ ሆኖ መቅረቱ ነው። የሆሳዕና ሰው ሀዲያ ሆሳዕናን፣ የሶዶ ሰው ወላይታ ድቻን በከተማው ሜዳ ሳያይ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ልጅ የከተማውን ቡድን በዓይኑ ሳያይ እንዳደገ አስቡት።

ከሜዳ ውጪ የሚደረግ ጉዞ ምን ይመስል እንደነበር፣ ጨዋታን ከጥላ ፎቅ ብቻ ለተከታተላችሁት ልንገራችሁ። የደጋፊ ማኅበሩ ሳምንቱን ሙሉ ስም ይመዘግባል፣ መዋጮ ይሰበስባል። ያለው ለሌለው ይከፍላል። ሌሊት አውቶቡሶቹ ይሰለፋሉ፤ ከበሮው፣ ጥሩምባው፣ ባንዲራው ይጫናል። ተጓዡ አብዛኛው ወጣት ነው፤ የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሊስትሮ፣ የታክሲ ረዳት። ቡድኑ ባይኖር ይህ ልጅ ሶዶን ወይም ጎንደርን ወይም አዲግራትን የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም። ለሽርሽር የሚሆን ገንዘብ የለውም፣ በዚያ ዘመድ የለውም፣ ለስብሰባ አበል ከፍሎ የሚወስደው መሥሪያ ቤትም የለም። በኳስ ምክንያት ግን ሄደ። አዲግራት ላይ ጥሕሎ ቀመሰ፣ ሶዶ ላይ ዳጣ አቃጠለው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ በላ። ቡድኑ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ እንኳ ውኃ ያጠጣችውን ሴት፣ መንገድ የጠቆመውን ሽማግሌ፣ “በርቱ፣ በመልሱ ታገኙናላችሁ” ያለውን የባለሜዳውን ደጋፊ አስቦ ተመለሰ። ስለዚያ ከተማ ከዚያ በኋላ ክፉ ወሬ ሲሰማ የሚያስታውሰው ፊት አለው። የማውቃቸው ብዙ ሰዎች የአገራቸውን ሌላ ክፍል ያወቁት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ስለ ዘፈኑም ለብቻው ልናገር፤ በጠቅላላ ጉባኤያችሁ ላይ የሚነሳ ጉዳይ አይመስለኝምና። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ከሚባሉት የደጋፊ መቀመጫዎች ገብቶ ያየ ሰው አስጨፋሪ ማን እንደሆነ ያውቃል። ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ 90 ደቂቃ የሚዘፍን ሰው ነው። ለጨዋታው ሲል የመጣበትን ጨዋታ አያይም። ደሞዝም የለውም። ዜማውን ሁሉም ከሚያውቀው ዘፈን ይወስዳል፤ ግጥሙን ግን በዚያው ሳምንት ያወጣል፤ ስለ አጥቂው፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ባላንጣው በረኛ። ከማዶ ያለው ደጋፊ መልስ ያዘጋጃል። ዛሬ አንዱ ያወጣው ዜማ በሳምንቱ ግጥሙ ተቀይሮ በሌላው አፍ ይሰማል። እንግዳው የአስተናጋጁን የከበሮ ምት ተምሮ ይመለሳል። ይህ ማንም ያላደራጀው፣ ማንም በጀት ያልያዘለት የሙዚቃ ልውውጥ ነበር። አሁን ቴሌቪዥን ስከፍት በብዙ ጨዋታ ላይ ጎልቶ የሚሰማኝ የአሠልጣኞች ጩኸት ነው። ሁለቱም ቡድኖች እንግዳ በሆኑበት ከተማ ማን ይዘምርላቸው?

ያው ዜማ መርዝም ተሸክሞ እንደሚያውቅ አልክድም። በ2010 አካባቢ በነበሩት ዓመታት ስለ አጥቂው ይዘፈን የነበረው ስለ ብሔር መዘፈን ጀመረ። ድንጋይ ተወረወረ፣ ሰው ተጎዳ። የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች አንዳቸው በሌላቸው ከተማ መጫወት አቅቷቸው ጨዋታቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲሆን የተደረገበት ጊዜ ነበር። ያንን ውሳኔ የጸጥታ ጉዳይ ብለን አለፍነው። ሜዳው ግን እየነገረን ነበር። ሁለት ሕዝቦች ኳስ ለማየት እንኳ አንዱ ሌላው ቤት መግባት ካቃታቸው ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። የ2011 ሻምፒዮን መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከሊጉ ጠፉ። እስከ 2017 አልተመለሱም። ሲመለሱም በየከተማው ዞረው የሚጎበኙበት፣ ቀድሞ ይሰድባቸው የነበረ ደጋፊ ቆሞ “እንኳን ደህና መጣችሁ” የሚልበት ሊግ አልጠበቃቸውም። ያንን ዕድል ማጣታችን ያንገበግበኛል።

ኳስ ጥላቻን ፈጠረ አልልም፤ ጥላቻው ወደ ሜዳው የሚገባበትን በር ግን አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የክለቡ በጀት ከከተማው ወይም ከክልሉ ካዝና ሲወጣ ሽንፈቱ የአስተዳደሩ ሽንፈት ይመስላል። ሰብሳቢው ከንቲባው ሲሆኑ በዳኛ ላይ የሚነሳ ቅሬታ የከተማ ክብር ጥያቄ ይሆናል፤ ክለቡ የሚፈርስበትና የሚጠናከርበት ምክንያትም ከሹም ሽር ጋር ይያያዛል። ተጫዋች ለወራት ደሞዝ ሳይከፈለው ሲቀር ደጋፊው የሚጠይቀው ሰው አያገኝም፤ ባለቤት አይደለምና። ቤተኛ ብትሉትም ቁልፍ አልሰጣችሁትም።

ተሰብስቦ የሚደረገው ውድድር ደግሞ ይህንን አባሰው እንጂ አልፈወሰውም። የ2016ን ዋንጫ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ን ኢትዮጵያ መድን ወስደዋል። በሜዳ ላይ ሠርተው ያገኙት ነው፣ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን የገዛ ሜዳ በሌለበት ሊግ ብዙ ሕዝብ ያለው ክለብ ሕዝቡ ምንም አይጠቅመውም። ሃያ ሺህ ሰው የሚከተለው ቡድንና ሃያ ሰው የሚከተለው ቡድን አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በደሞዝ ብቻ ነው። የመግቢያ ትኬት ገቢ ሲቀር ክለቡ የካዝና ጥገኝነቱ ይጨምራል፤ ጥገኝነቱ ሲጨምር ፖለቲካው ይበልጥ ይገባል።

የድሮውን ዘመን ላሞግስ አይደለም፤ ነገር ግን የሆነውን እናስታውስ። በጥር 1954 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ናቸው። በፍጻሜው እሱም፣ ወንድሙ ኢታሎም፣ መንግሥቱ ወርቁም፣ ተክሌም አግብተዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ዓመት ሳይሞላ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ለ30 ዓመት የዘለቀው ጦርነትም የዚያ ዘመን ነው። ሉቻኖ ራሱ በክልስነቱ ስለደረሰበት መገለል ተናግሯል፤ በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፣ እዚያው በ2015 መጀመሪያ አረፈ። ፖለቲካው ያኔም ከስታዲየሙ በር ውጪ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም በዚያ ቀን ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ሕዝቡ በአካል እዚያ ነበር፤ ያየውን ለልጁ ነገረ፣ ልጁም ለእኛ ነገረን።

ጥቅምት 4 ቀን 2005ም እንዲሁ ነበር። አገሪቱ በነሐሴ ጠቅላይ ሚኒስትሯንም ፓትርያርኳንም ቀብራ ነገ ምን ይመጣል እያለች ነበር። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የያዙት ቡድን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አለፍን። የዚያን ምሽት መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ያላቀፈ ማን ነበር?

አሁን ደግሞ ሰኔ 2014ን አስቡ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፉ። ከ1954ቱ ድል 60 ዓመት በኋላ! መዝገቡ ላይ ባለሜዳ ኢትዮጵያ ናት። ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ የአገራችን ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ነን፤ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ድረስ መርተውታል። ያን ድል ልጆቻችን በስልክ ስክሪን አዩት። ሕዝብ ያልተገኘበት ደስታ የጋራ ትዝታ አይሆንም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ የጋራ ትዝታ አንሶናል።

ይህ ሕመም አገር ቤት ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሐምሌ ወር መጀመሪያ አካባቢ ወገንን በኳስና በሙዚቃ ያሰባስባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን በአንድ ክረምት ሁለት የተለያዩ ውድድሮች፣ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ዋሽንግተን ተካሄዱ፤ ቤተሰብ የት እንደሚሄድ ሲከራከር ከረመ። ያም ጭቅጭቅ መነሻው የጨዋታ ሕግ አልነበረም፤ ገንዘቡና ፖለቲካው የማን ነው የሚል ነበር።

የምትሉኝን አውቃለሁ። መጀመሪያ ጸጥታ ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ዛሬ አውቶቡስ በሰላም የማይሄድባቸው መንገዶች አሉ፣ በተለይ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች። ማንም ልጁን ለኳስ ብሎ ለሞት አይልክም። ነገር ግን ሁሉም መንገድ ዝግ አይደለም። ሐዋሳና ሶዶ፣ ሆሳዕናና አርባ ምንጭ፣ አዳማና አዲስ አበባ መካከል ሰው በየቀኑ ይመላለሳል። መንገዱ ከሚፈቅድበት ጀምሩ፣ ሌላው ሲከፈት ይጨመራል። ወጪም ትላላችሁ፤ አንድ ቡድን ለሳምንታት ሆቴል ሲቀመጥ የሚወጣውን ሒሳብ ከደርሶ መልስ ጉዞ ጋር አስተያይታችሁ ለደጋፊው አሳዩት። ቴሌቪዥኑም ቢሆን በየሳምንቱ የተመረጡ ጨዋታዎችን ይዞ ሊዞር ይችላል፤ በሞላ ስታዲየም ውስጥ የተቀረጸ ጨዋታም ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከሁሉ በላይ ግን እናንተ ራሳችሁ የምታደርጉት አለ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ የቦርድ ሰብሳቢው ከተማው መግቢያ ድረስ ወጥቶ ይቀበል፤ ለእንግዳ ደጋፊ መቀመጫና ትኬት ቀድሞ ይያዝለት፣ ምሳውም ይታሰብለት። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሁሉንም ክለቦች አስጨፋሪዎች አንድ ቦታ ጥሩ፤ ምን እንደሚዘፈንና ምን እንደማይዘፈን ራሳቸው ይስማሙ። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ምልክት ዝም የሚያሰኝ ሰው ከፖሊስ በላይ ይሰማል፤ እስካሁን ግን የምትጠሩት ጥፋት ሲደርስ ብቻ ነው። የስድብ ዘፈን ሲነሳም ቅጣቱን ለአስተናጋጁ ከተማ በሙሉ ከማከፋፈል ያስነሳውን ለይታችሁ አውጡ፤ የገዛ ክለባችሁ ደጋፊ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ በፊት እናንተ ተናገሩ። እስከ ዛሬ ዝም ያላችሁት ምርጫ ፈርታችሁ ከሆነ ደጋፊው ያንን ዝምታ እንደ ፈቃድ እንደቆጠረው እወቁት።

የሚከብዳችሁ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ክለቡን በአባልነትና በአክሲዮን ለደጋፊው ክፈቱለት፤ ሹመት ላይ ያላችሁ ከሰብሳቢነት ውረዱ፤ ከተማው ድጋፍ መስጠቱን ይቀጥል፣ ቦርዱን ግን አባላት ይምረጡ። ወንበሩን የለቀቀ ከንቲባ በዚያ ከተማ ታሪክ የሚያጣው ክብር የለም።

የሚቀጥለው የውድድር ዘመን መርሐ ግብር ከመጽደቁ በፊት ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዛችሁ እንድትወያዩበትና ውሳኔያችሁን፣ እምቢታ ቢሆንም እንኳ፣ በየደጋፊ ማኅበራችሁ በኩል በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከካታንጋ ተመልካቾች አንዱ