«ባለበት ሁኔታ» የምትለዋን ቃል ሳታነቡ ሲፒኦ አታሠሩ

ቴሌግራም ላይ የጨረታ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ቻናሎች በዝተዋል። ባንክ ለብድር መያዣነት የያዘውን፣ ጉምሩክ የወረሰውን፣ መሥሪያ ቤት «አገልግሎቱን ጨርሷል» ያለውን፣ ፕሮጀክቱን የዘጋ ድርጅት ያስቀረውን መኪና ለገበያ ያወጣል። ከዝርዝሩ ውስጥ ቶሎ ዓይን የሚገባው ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ነው፦ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ፣ ፓትሮል፣ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና። ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ፣ ከውጫሌ ወደ አምባሰል ደጋ ለሚመላለስ ሰው ይሄ መኪና ቅንጦት አይደለም። ክረምት ሲገባ ሌላው መኪና አስፋልቱ ላይ ይቀራል።

ለዚህ ነው የእህት የዓረብ አገር ላብ፣ የዕቁብ ዕጣና ከዘመድ የተለቀመ ብር አንድ ላይ ሆኖ ወደ ጨረታ የሚሄደው። አንድ ጊዜ ከተሳሳቱ ግን የሚቃጠለው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ለምን አሁን?

አሮጌ መኪና እንዲህ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ።

የኤሌክትሪክ መኪና ይምጣ ቢባልም ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ገጠር ዳገቱን ለሚወጣ ሰው ገና መልስ አልሆነም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ናፍጣ ሃርድቶፕ ዕድሜው እየገፋም ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። ጨረታው የሚጋጋለው፣ ተጫራቹም በስሜት ዋጋ የሚሰቅለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ብዙ ሰው ሞተሩ ጋ ይሮጣል። ቀድሞ መታየት ያለበት ወረቀቱ ነው። አምባሰል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ሆኖ ምን እንዳመጣ እናውቃለን።

የጨረታው አንቀጽ 17 «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ነው። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ «ካምቢዮው አይሠራም» ብትሉ ሰሚ የላችሁም ማለት ነው። ቀጥሎ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? 15 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቀረጥ ተከፍሎበታል ወይስ በቀረጥ ነፃ የገባ ነው? ቀረጥ ነፃ ከሆነ ቀረጡን ማን ይከፍላል? የስም ዝውውርና የቆየ ዕዳስ? ካሸነፋችሁ በኋላ በስንት ቀን ውስጥ መክፈል አለባችሁ? ቀኑ ካለፈ ያስያዛችሁት ሲፒኦ ሊወረስ ይችላል።

ከዚያ ሊብሬውን ይዛችሁ መኪናው ጋ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር በአንድም ፊደል መለየት የለበትም። የተፋቀ፣ እንደገና የተበየደ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካያችሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ከዚያ ብረቱ

በጉብኝት ቀን ብቻችሁን አትሂዱ። መካኒክ ውሰዱ፤ ካልተገኘ በስልካችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩለት። የስልኩን መብራት አብርታችሁ ከሥር ግቡ። ሻንሲው ላይ ስንጥቅ፣ የብየዳ ጠባሳ ወይም የበላው ዝገት አለ? የተሰበረ ባሌስትራ ይቀየራል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን ሁልጊዜ ራስ ምታት ነው።

ከካምቢዮ ወደ ፊተኛው ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ መኖሩንም እዩ። የፊቱ ዲፈረንሻል ሲበላሽ ዘንጉን ፈትተው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ አሉ። ከላይ ሲታይ ሙሉ መኪና ነው፤ ዳገት ላይ ግን እንደ ማንኛውም መኪና ይንሸራተታል። የፊት ጎማዎቹ መሐል ያለው ማዞሪያ በእጅ ሲዞር «ፍሪ» እና «ሎክ» ላይ መቆም አለበት። ከተቻለ አፈር ላይ አድርጋችሁ «ኤች 4» እና «ኤል 4» አስገቡት። ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክሩ፤ መሪ ሲዞር ጥርሶቹን ያስጨንቃል። መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ ቀስ ስትሉ ከፊት ጎማ «ቀጭ ቀጭ» ከተሰማ የፊት አክሱ መገጣጠሚያ አልቋል።

ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ አስነሱት። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ «ለምን?» በሉ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ውስጥ መግባቱን፣ ቴስታታው አካባቢ ችግር መኖሩን ይጠቁማል። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁም እንደዚያው ነው። የብዙ ሃርድቶፖች ሞተር የሆነው ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ጠንካራ ነው፤ የታይሚንግ ቀበቶው ግን በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ ከሌለ የመጀመሪያ ወጪያችሁ እሱ ይሁን።

ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ሌላ ጉድ አለው፦ የደረቀ የዘይት ማኅተም፣ የዛገ ፍሬን፣ አይጥ የበላው ሽቦ። «ባትሪ ስለሌለው ነው የማይነሳው» ከተባላችሁ ሞተሩ የሞተ ነው ብላችሁ አስቡና ዋጋ ስጡ።

ሒሳቡን ቤት ጨርሱት

ለምሳሌ ተመሳሳይ ደህና መኪና ገበያ ላይ 3 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ለጥገና 500 ሺህ፣ ለስም ዝውውርና ለልዩ ልዩ ክፍያ 150 ሺህ፣ ለማስጎተት 30 ሺህ፣ ላልታሰበ ነገር 200 ሺህ ያዙ። የቀረው 2 ሚሊዮን 120 ሺህ ነው። ታክሱ ከዋጋው በላይ የሚታሰብ ከሆነ ለ1.15 አካፍሉት፤ ኤንቨሎፑ ውስጥ የምትጽፉት ከ1 ሚሊዮን 843 ሺህ ብር ማለፍ የለበትም። ከዚህ በላይ ከጻፋችሁ ከገበያ መግዛት ይሻላል።

ጨረታ አውጪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። መኪናው እንዳይነሳ፣ በደንብ እንዳይታይ ሲደረግ የሚጠቀመው የግቢውን ምስጢር የሚያውቀው ደላላ ነው። ሌላው ተጫራች ፈርቶ ዋጋ ይቀንሳል፤ ወይ ደግሞ ሳያውቅ ሰቅሎ ይከስራል። አንድ ገጽ የቴክኒክ ምርመራ ከማስታወቂያው ጋር ቢያያዝ፣ ሞተሩም በጉብኝት ቀን ቢነሳ፣ የሕዝብ ንብረት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፤ የወጣቱም ዕቁብ ገደል አይገባም።

እስከዚያው ግን እንዲነሳ ጠይቁ። አይቻልም ከተባላችሁ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ዋጋው ከሒሳባችሁ ካለፈ ሲፒኦአችሁን መልሳችሁ ውሰዱ፤ ሌላ ጨረታ ሁልጊዜ አለ።