በመታጠቢያ ቤትና በማድ ቤት ስለ ጠቆረው የሴራሚክ መጋጠሚያ

በየዓመቱ የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲቃረብ፥ ሐድያ ለያሆዴ፥ ከምባታም ለመሳላ በዓል ሲሰናዳ፥ በሆሳዕና፥ በሾኔ፥ በዱራሜና በዶዮገና ከተሞች ቤት የማጽዳት ሥራ ይበረታል። በአዲስ አበባና በሩቅ አገር የሚኖሩት ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ስለሚመለሱ ቅቤው ይነጠራል፤ ቡላው ይሰናዳል፤ ደጁም ይጠረጋል። በእነዚህ ከተሞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ፥ ይልቁንም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠሩት፥ የመታጠቢያ ቤታቸውና የማድ ቤታቸው ወለልና ግድግዳ በሴራሚክ የተለበጠ ነው። ስለዚህ እመቤቲቱ እናቷ የማታውቀው አንድ አዲስ ጭንቀት አግኝታለች። ይኸውም ሴራሚኩ ራሱ እንደ መስተዋት ሲያበራ፥ በአንዱና በሁለተኛው መካከል ያለው፥ አስቀድሞ ነጭ የነበረው መሥመር ጠቁሮ፥ ቀልቶ ወይም ቢጫ ሆኖ መታየቱ ነው።

እንግዳው ከመድረሱ በፊት ይህን መሥመር ለማንጣት ሲቸኩሉ ብዙዎች የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ። እርሱም ከሱቅ ያገኙትን ብርቱ ማጽጃ ሁሉ ባንድነት ማፍሰስ ነው። ይህ ስሕተት መሥመሩን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይጎዳል። የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገርም አጭር ነው፤ አስቀድሞ የእድፉን ምክንያት ማወቅ፥ ቀጥሎም ለዚያ እድፍ የሚስማማውን አንድ ማጽጃ ብቻ ለብቻው መጠቀም ይገባል።

የመሥመሩ ጠባይ

ሴራሚክ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ነው፤ ፊቱም በመስተዋት መሰል ቅብ የተሸፈነ ስለ ሆነ ውሃ አያሰርግም። መጋጠሚያው መሥመር ግን ከሲሚንቶ፥ ከደቃቅ አሸዋና ከቀለም የተለወሰ ነው፤ በሱቅም «ግራውት» ተብሎ ይሸጣል። አንዳንዱ ግንበኛ ደግሞ በነጭ ሲሚንቶ ብቻ ይሞላዋል። ሲሚንቶ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች ስለሚቀሩበት፥ ውሃንና ቅባትን እንደ ሰፍነግ ይጠጣል።

ደግሞም መሥመሩ ከሴራሚኩ ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፥ ወለሉ ሲወለወል የቆሸሸው ውሃ ወደ እርሱ ይወርድና እዚያው ይደርቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሥመሩን የሚያጠቁረው ወለሉ አለመወልወሉ ሳይሆን የተወለወለበት ውሃ ነው። በየቀኑ ተወልውሎ በየቀኑ የሚጠቁር ወለል ሲታይ ሠራተኛይቱን ከመገሠጽ በፊት ባልዲውን መመልከት ያሻል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንዱን ባልዲ ውሃ እስከ መጨረሻው መጠቀም ግድ ስለሚሆን፥ ይህ ነገር ይልቁን ይበዛል።

እድፉን ስለ መለየት

እድፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ባብዛኛው በአራት ይከፈላል።

አንደኛው ቀዩ ነው። በሐድያና በከምባታ ደጋ ብዙው አፈር ቀይ ነው፤ ቅላቱም የሚመጣው በውስጡ ካለው፥ ከዝገት ጋር ወገን ከሆነ የብረት ማዕድን ነው። በክረምት ከጫማ ጋር የሚገባው ጭቃ በደጃፍና በመታጠቢያ ቤት መግቢያ ያለውን መሥመር ያቀላዋል። ይህን እድፍ በረኪና አያነጣውም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ያጸናዋል።

ሁለተኛው የማድ ቤት እድፍ ነው። ከምድጃው አጠገብ የሚፈናጠቀው ቅቤና ዘይት፥ በርበሬና እርድ ያመጣዋል። ሲነኩት ይለጠልጣል፤ አቧራም በላዩ ይጣበቃል። እርድ የነካው ቦታ ሳሙና ሲደርስበት ወደ ቀይነት ቢለወጥ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ይህ የእርድ ቀለም ጠባይ ነው። የፀሐይ ብርሃን በሚያገኝ ቦታም ቢጫው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

ሦስተኛው በመታጠቢያ ቤት ማዕዘንና ከቧንቧው በታች የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ እርሱም ሻጋታ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በክረምት ብርድና እርጥበት ይበዛል፤ መስኮቱም ለብርዱ ሲባል ተዘግቶ ይከርማል። ሻጋታ የሚወደው ይህንኑ ነው።

አራተኛው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ነው። ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ በላዩ የሚተወው ጨው ነው። ይህ በደረቅ ብሩሽ ሲፈገፈግ ይረግፋል፤ ደግሞ ደጋግሞ ከመጣ ግን ከሥር የሚያፈስ ቧንቧ መኖር አለመኖሩን ማስመርመር ይገባል።

ጥቁሩ ሻጋታ ይሁን ተራ እድፍ የሚያጠራጥር ሲሆን፥ በውሃ የቀጠነ በረኪና አንዲት ጠብታ በላዩ ማኖር ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ነው፤ እንደ ጠቆረ ከቀረ ተራ እድፍ ነውና በረኪናውን በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ሳሙናው መመለስ ነው።

ስለ አጸዳዱ

ማናቸውንም ማጽጃ በወለሉ ሁሉ ከማፍሰስ በፊት ሰው በማያየው ማዕዘን መሞከር ብልኀት ነው። ለመፈግፈጊያም አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በእነዚህ አገሮች በየገበያው የሚገኘው የእንሰት ቃጫም ተጠቅልሎ ሲያዝ መልካም መፈግፈጊያ ነው፤ የሽቦ ብሩሽ ግን መሥመሩን ይቦረቡረዋል፤ ሴራሚኩንም ይጭረዋል።

ለማድ ቤቱ እድፍ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ሳሙና ከሁሉ ይሻላል። መሥመሩ ላይ አፍስሶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መተው፤ ከዚያ መፈግፈግ፤ ቆሻሻው ውሃ ሳይደርቅም በንጹሕ ጨርቅ ቶሎ መጥረግ ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ ምስጢሩ ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። ውሃው እዚያው ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና፥ ሁለት ባልዲ ማዘጋጀት፥ አንዱን ለሳሙናው፥ ሁለተኛውን ለማለቅለቂያው ማድረግ ይገባል።

እድፉ ከጸና ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከአንድ ማንኪያ ውሃ ጋር ለውሶ መቀባትና ጥቂት አቆይቶ መፈግፈግ ነው። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አመድም ሶዳም ቅባትን የመቁረጥ ኀይል አላቸው። ነገር ግን አመድ ነጩን መሥመር ግራጫ ስለሚያደርገው ለድስት እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለቀዩ ጭቃ ትዕግሥት ዋና ነው። እርጥቡን ጭቃ ቢያሹት ወደ ቀዳዳው ይበልጥ ይገባል፤ ስለዚህ እስኪደርቅ ጠብቆ በብሩሽ ማራገፍና መጥረግ፥ ከዚያ በኋላ በሳሙና ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ ይሻላል።

ሎሚ፥ አቼቶና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ግን ለመሥመሩ ጠላቶች ናቸው። አሲድ በሲሚንቶ ላይ ሲፈስ አረፋ ያወጣል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ እድፉ የለቀቀ ይመስለዋል። የሚለቀው ግን በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። ለጊዜው የነጣ መስሎ ቀዳዳው ስለሚሰፋ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከፊተኛው የባሰ ይጠቁራል። አቼቶና ሶዳን አንድ ላይ መቀላቀልም አረፋው ቢያስደስት ጥቅም የለውም፤ አንዱ የሌላውን ኀይል ያጠፋዋል።

ስለ በረኪና ጥንቃቄ

ለሻጋታ በረኪና ይረዳል። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፥ ኀይሉ ያለው በውስጡ ባለው ክሎሪን ነው። አንድ ስኒ በረኪና በ10 ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኖ፥ ጓንት አጥልቆ፥ መስኮትና በር ከፍቶ መቀባት፤ 10 ደቂቃ አቆይቶም በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ቀለም ያለውን መሥመር ግን ስለሚያደበዝዝ በዚያ ላይ አለመጠቀም ይሻላል።

ከዚህ በላይ ግን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በረኪና ከአሲድ፥ ማለት ከሽንት ቤት ማጽጃ፥ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ የጀርመን ጦር በጠላቶቹ ላይ የለቀቀው መርዝ ይኸው ክሎሪን ነበር። በጠባብና በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ዓይንን ያቃጥላል፤ ሳንባንም ይጎዳል። አሞኒያ ካለባቸው ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት ለበዓል ስቸኩል ሁለቱን በአንድ ባልዲ አፍስሼ፥ ለምትረዳኝ ልጅ ሰጥቼ ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር። ሳሏን ሰምቼ ስመለስ ቆማ መተንፈስ አቅቷት ነበርና ደግፌ ወደ ደጅ አወጣኋት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳነች፤ ነገር ግን ብዙ ቀን ስትስል ሰነበተች። የቀላቀልሁት እኔ ነኝ፤ የተጎዳችው ግን እርሷ ናት። በብዙ ቤት መሥመሩን ተንበርክካ የምትፈገፍገው ከገጠር የመጣች፥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ያልታደለች ልጅ ናት፤ እርሷ የታዘዘችውን ታደርጋለች። ስለዚህ ማወቁና መጠንቀቁ የአዛዢቱ ግዴታ ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፥ ዓይንን ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ሳሉ ወይም የትንፋሹ ማጠር ካልተወ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ በዱራሜም ሆስፒታል ይገኛል። በረኪናን በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና። ቢጠጣ አፉን በውሃ ማጉመጥመጥ እንጂ እንዲያስታውክ ማድረግ አይገባም፤ የወጣው መልሶ ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። ጠርሙሱን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

መሥመሩ የተቦረቦረ እንደ ሆነ

መሥመሩ ተሸርፎ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ማጠብ አይጠቅመውም። አንዳንዶች በአሮጌው ላይ አዲስ ነጭ ሲሚንቶ ይለቀልቃሉ፤ ይህ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ ስሱ ሽፋን በጥቂት ወር ይላጣል። የሚገባው አሮጌውን ቢያንስ እስከ ሴራሚኩ ውፍረት እኩሌታ ድረስ መፋቅ፥ አቧራውን መጥረግ፥ ከዚያ አዲሱን እንደ ጥርስ ሳሙና ወፈር አድርጎ ለውሶ አጥብቆ መሙላት ነው። ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ ለሳንባ ክፉ ስለ ሆነ ቦታውን ማርጠብና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። ከ3 ሚሊ ሜትር ለጠበበው መሥመር አሸዋ የሌለበት፥ ለሰፋው ግን አሸዋ ያለበት ይመረጣል። የተረፈው በተጨመቀ እርጥብ ሰፍነግ ይጠረጋል፤ ውሃ ከበዛበት አዲሱ ይደክማል፤ መልኩም ይዥጎረጎራል። ለአንድ ቀን አለመርገጥ፥ ለሦስት ቀንም ገላ አለመታጠብ መልካም ነው። ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ማዕዘን ግን ሲሚንቶ ስለሚሰነጠቅ ሲሊኮን ይደረግበታል።

መሥመሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ ውሃ እንዳያሰርግ የሚከላከል ቅብ ከተገኘ መቀባት ድካምን ይቀንሳል። መፈለጉንም ለማወቅ አንዲት ጠብታ ውሃ በመሥመሩ ላይ ማኖር ነው፤ ከሰረገች ቅብ ያስፈልገዋል፤ ድብልብል ሆና ከቆመች አያስፈልገውም።

ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ጥቂት ልማድ ነው። በደጃፉ የጫማ መጥረጊያ ማኖር፤ ገላ ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውን በጨርቅ መጥረግ፤ ብርዱ ቢኖርም መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ መክፈት፤ የመወልወያውን ውሃ ቶሎ ቶሎ መለወጥ። የበዓሉም ሥራ በበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ቢጀመር፥ ብርቱ መድኀኒት የሚያስመኘው ችኮላ አይኖርም።

እንግዳው መጥቶ ሲቀመጥ ዓይኑ የሚያርፈው በገበታውና በቤተ ሰቡ ፊት ላይ ነው። መሥመሩ ጥቂት ቢደበዝዝ የሚያስተውለው የለም፤ ወለሉን ያጠበችው ልጅ ግን በጤናዋ ከሌሎቹ ጋር በገበታው ዙሪያ ልትገኝ ይገባታል።