ቃል ያልወጣበት ንግግር

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ረጅም ቁጥር ላጫውታችሁ። ቁጥሩ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። 21 አሃዞች አሉት። የሚገኘውም እንዲህ ነው፦ 67 ሁለቶችን እርስ በርስ ታባዛላችሁ፤ ከውጤቱ ላይ 1 ትቀንሳላችሁ።

ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር በአማርኛ «ብቸኛ ቁጥር» ይባላል። 7 ብቸኛ ነው። 15 ግን አይደለም፤ 3 እና 5 ያለ ቀሪ ያካፍሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን ይህን ረጅም ቁጥር ከብቸኞቹ ጋር ቆጠሩት። ከ232 ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ ኤድዋር ሉካስ የተባሉ ፈረንሳዊ ቁጥሩ ብቸኛ እንዳልሆነ በስሌት አረጋገጡ። አካፋዮቹን ግን አላገኙም። የተዘጋ ሣጥን ስትነቀንቁ ውስጡ ዕቃ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ግን አታውቁም። የሉካስም ነገር እንደዚያ ነበር።

በ1903 ፕሮፌሰር ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒው ዮርክ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሡ። እንደሚተረከው አንድም ቃል አልተናገሩም። ጠመኔ አንሥተው ረጅሙን ቁጥር ሰሌዳው ላይ አሰሉ። ከዚያ በሌላው በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዙ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኮል ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ሥራው ስንት ጊዜ እንደፈጀ ሲጠየቁም «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብለው መለሱ ይባላል።

እኛም ትንሽ እንፈትሽ። እርሳስ አምጡ። የመጀመሪያውን አካፋይ አሃዞች ስትደምሩ 37 ይመጣል፤ 3 እና 7 ደግሞ 10፣ 1 እና 0 ደግሞ 1። የሁለተኛው ድምር 64 ነው፤ እሱም 10፣ ከዚያ 1 ይሆናል። አንድ ጊዜ አንድ፣ አንድ። ስለዚህ የረጅሙም ቁጥር አሃዞች በመጨረሻ 1 መስጠት አለባቸው። ደምሯቸው፤ 109፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። ይህ ዘዴ ስሕተትን ሊያጋልጥ ይችላል፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ለማረጋገጥ እንደ ኮል እስከ መጨረሻው ማባዛት ያስፈልጋል።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ኮል ማንንም «እመኑኝ» አላሉም። የሦስት ዓመት ድካማቸውን ማንም ተማሪ አባዝቶ ሊያየው በሚችል አንድ መስመር አቀረቡት። አስተማሪያችሁ «አሠራሩን አሳዩ» ስትላችሁ የምትጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ መልሱ በእናንተ ስም ሳይሆን በራሱ እንዲቆም።

የሳምንቱ ሥራ፦ 11 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ 2,047 ይመጣል። እሱም ብቸኛ አይደለም። ከቤተሰብ ጋር ሁለቱን አካፋዮች ፈልጉ፤ ስታገኙም አባዝታችሁ አሳዩ። መልካም ሳምንት!